ግቢው ውስጥ ስንት ሰው ያድራል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የምቀዳው ጅማ፣ ሂርማታ፣ እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ከኋላዬ የምትሰሙት ዝናቡ ነው። ቆርቆሮው አሮጌ ስለሆነ ሲዘንብ እዚህ ቤት ሰው የሚያወራው ጮኽ ብሎ ነው። ጋብ እስኪል ጠብቄ ነበር፤ ቶሎ የሚያባራ አይመስልም። እንዲሁ እንቀጥል።

ያለፈው እሑድ አንድ ሰው እዚህ ቤት ቡና ጠጣ። የሰፈራችን ልጅ ነው። የአካባቢ ምርጫ ሲደረግ ለከተማው ምክር ቤት መወዳደር ይፈልጋል። ስላላስፈቀድኩት ስሙን አልጠራም። ገና አልተመዘገበም፤ ሰፈር ውስጥ ግን ከወዲሁ «እጩው» ነው የሚባለው። እኔም እንደዚያው ልበለው።

ለማታስታውሱ ልንገራችሁ። የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ነው። በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዘመ። ሰኔ 2013 ኦሮሚያ ውስጥ ድምፅ የሰጠነው ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልሉ ምክር ቤት ነበር። የቧንቧችንን፣ የቦያችንን፣ የቀበሌ ቤታችንን ጉዳይ የሚይዘውን ወንበር አልመረጥንም። በ2005 አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ አሁን ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት ዕድሜ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ቤት ድረስ መጥቶ «ስለ ሰፈሩ ምን ታስባላችሁ?» ሲል እኔ በእውነት ደስ ብሎኛል።

እጩው ስልኩ ላይ ሥዕል ይዞ መጣ። ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው። ሰገነት አለው፣ ፊት ለፊቱ ዛፍ ተተክሏል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አየችው።

«ይኼ የት ነው?» አለችው።

«እዚሁ ነው እትዬ። ይኼ ግቢና ጎን ያሉት ሁለቱ ተነስተው።»

«ለስንት ሰው?»

«ከእናንተ ግቢ አምስት አባወራ። ከቀበሌ አጣርቻለሁ።»

እናቴ ጀበናዋን መለሰችና «እስቲ ልጄ፣ አብረን እንቁጠር» አለችው።

ከራሷ ጀመረች። እሷና ለትምህርት ከሊሙ የመጣች የዘመድ ልጅ፣ ሁለት። ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ነው። እሱ፣ ሚስቱና ሦስት ልጆች። እነሱ ቤት በመጋረጃ ተከፍሎ ደባል አለች፤ ሕፃን የያዘች እናት። ሰባት። ከዳውሮ የመጣችው ጎረቤታችን ጉልት ቸርቻሪ ናት። ሁለት ልጆችና እህቷ አሉ፣ አራት። አሮጊቷ ሐጂ ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ከኋላ ያለችውን ክፍል ለሁለት ተማሪዎች አከራይተዋል። ኑሯቸው በዚያች ኪራይ ነው። እሱም አራት። የየም ተወላጅ የሆኑት ባልና ሚስት ከአራት ልጆቻቸው ጋር ስድስት ናቸው። እጩው ጨረስን ብሎ ቀና ሲል እናቴ «ማድ ቤቱስ?» አለችው። ማድ ቤቱ ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ያድራል። ማታ ገብቶ ንጋት ላይ ስለሚወጣ ብዙ ሰው አያውቀውም።

ሃያ አራት ሰው ነው። መዝገቡ ላይ ያለው ስም አምስት። ሽንት ቤቱ አንድ፣ ቧንቧው አንድ።

እጩው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ደብተር አወጣና ጻፈው። ያቺ ደብተር ናት ይህን ክፍል እንድቀዳ ያደረገችኝ።

መዝገቡ ላይ አምስት ስም ብቻ የኖረው ማንም ስለዋሸ አይደለም። ሐምሌ 1967 ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ። «የቀበሌ ቤት» የምንለው ይኼው ነው። ውሉ የተጻፈው በአንድ ሰው ስም ነው። ያ ሰው ልጅ ወለደ፣ ዘመድ አስጠጋ፣ ሲቸግረው ጓዳውን አከራየ። ቤተሰቡ አደገ፣ ወረቀቱ እዚያው ቆመ። ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ ቤቱን ለማደስ የሚበቃ ገንዘብ አይሰበሰብም። ተከራዩ ደግሞ ቤቱ የራሱ ስላልሆነ ያለ ፈቃድ እጁን አያስገባም። እናቴ ይህን ቆርቆሮ ለማስቀየር ደብዳቤ ይዛ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች እኔ አውቃለሁ። አልተሳካላትም። አሁንም ሲዘንብ ከአልጋዋ ግርጌ ባልዲ ታስቀምጣለች።

ታዲያ መልሶ ማልማት ይምጣ ቢባል እኔ የምቃወም ሰው አይደለሁም። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያላደገ ሰው «ድሮ ሰፈሩ ያምር ነበር» ብሎ ሲናፍቅ ይከፋኛል። ጭቃው ያማል። ሌሊት በዝናብ ሽንት ቤት ለመሄድ ግቢ ማቋረጥ ለአሮጊት ሴት አደጋ ነው። ኮሪደር ልማቱ ጅማም ደርሷል። እናቴ በሰፊው የእግረኛ መንገድ ላይ ሳትደናቀፍ ስትሄድ አይቼ ደስ ብሎኛል።

ጭንቀቴ በዝርዝሩ ላይ ነው። ቤት ሲነሳ መጀመሪያ የሚወጣው የስም ዝርዝር ነው። የካሳ ሕጉ፣ አዋጅ 1161፣ የሚናገረው ስለ ባለይዞታ ነው፤ መሬትና ንብረት ስላለው ሰው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ባለይዞታ አይደለም። በአዲስ አበባ ለእሱ ሌላ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ይሰጠዋል። ደባሏስ? ሐጂ ቤት ያሉት ተማሪዎችስ? የባጃጁ ልጅስ? በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሁን፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን በመጋረጃ ለተከፈለ ክፍል ውል የሚጽፍ ማን ነው? ፒያሳና ካዛንቺስ ሲነሱ ብዙ ሰው ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደ። ስም የነበረው ቢያንስ ቁልፍ ተረክቦ ሄደ።

ይህች ከተማ ከዚህ በፊትም ሰውን ሳትቆጥር በፕላን ተሠርታለች። ሂርማታ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ትልቅ ገበያ ነበር። ጣልያን በ1928 ሲገባ ጅማን የአንዱ ግዛቱ መናገሻ አደረጋት። ለነጭ የተለየ ሰፈር ከለለ። ፈረንጅ አራዳ የሚለው ስም እስከ ዛሬ አለ። የአገሬው ሰው በዚያ ፕላን ላይ የታየው ከመሬት የሚነሳ ሆኖ ነው። ይህን የማነሳው ዛሬ ያለውን ከጣልያን ጋር ለማመሳሰል አይደለም፣ እንዳትሳሳቱብኝ። ፕላን ስናይ ሁልጊዜ ሰዎቹን መፈለግ አለብን ለማለት ነው።

ወደ እጩው ልመለስ። ከቆጠርን በኋላ ወሬው ተቀየረ። አንድ ሐሳብ ተናገረ፤ ወደድኩለት። «መጀመሪያ ባዶ ቦታ ላይ እንሥራ፣ ሰው ገብቶ ሲያልቅ ነው የሚፈርሰው፤ ቦታውም ከሂርማታ አይርቅ» አለ። ለጉልት ነጋዴ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጎረቤታችን ጠዋት ቲማቲሟን በራሷ ተሸክማ ገበያ የምትደርሰው በእግሯ ነው። ከተማ ዳር ብትወሰድ የቀን ትርፏን ባጃጅ ይበላዋል።

ያልተስማማነው በሌላ ነገር ነው። የቀበሌ ቤት ለነዋሪው በሽያጭ ይተላለፍ አለ። እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። «የኔ ነው ብዬ ሚስማር ልምታበት» አለች። ልቤ ከእሷ ጋር ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ግድግዳውን የመረገች ሴት ናት።

ግን ልቤ ያለው ቦታ ሁሉ አሳቤ አልሄደልኝም። ቤቱ ከተሸጠ የሚሸጠው ለመዝገቡ ስም ነው። ሂርማታ ደግሞ ገበያ ዳር ነው፤ ነጋዴ የሚፈልገው ቦታ። እናቴ በሕይወት እያለች አትሸጠውም። ከእሷ በኋላ እኛ ልጆቿ ምን እንደምናደርግ አላውቅም፤ በእውነት አላውቅም። ከተሸጠ ለሚቀጥለው ድሃ የሚሆን አንድ ቤት ከከተማው ይጎድላል። እጩው «ለአምስት ዓመት መሸጥ ይከልከላ፣ እንደ ኮንዶሚኒየሙ» አለ። አምስት ዓመት ቶሎ ያልፋል።

ኮንዶሚኒየምም ቢሆን የሚገዛ ቤት ነው። ሃያ በሰማንያው ላይ ሃያ በመቶ ከፍለህ ቀሪውን ለባንክ ትከፍላለህ። ዕጣ ወጥቶላቸው መክፈል ስላቃታቸው ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ጭቃ ቤት የተከራዩ ሰዎች አሉ። ስለዚህ እጩውን የለመንኩት ይህን ነው፤ የሚሸጥ ብቻ ሳይሆን የሚከራይ ቤት ይሠራ። የከተማው ሆኖ የሚቆይ፣ ኪራዩ በገቢ ልክ የሚተመን፣ ውሉ ረጅም የሆነ። ደባሏም በራሷ ስም የምትገባበት።

እጩው መልሶ እኔን አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «እስከ ዛሬ አከራዩ መንግሥት አልነበር? ጣራችሁን መቼ አደሰ?» አለኝ። ዝም አልኩ። እውነቱን ነው። ከኪራዩ ለጥገና ተለይቶ የሚቀመጥ ገንዘብ ከሌለ፣ ነዋሪውም በራሱ አቅም እንዲያድስ ካልተፈቀደለት፣ አዲሱም ሕንፃ ከሃያ ዓመት በኋላ ይህንኑ ግቢ ይሆናል። ይህን ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ሙሉ መልስ የለኝም።

እናቴ ደግሞ የኛን ክርክር ትንሽ ሰምታ ወደ ራሷ ጉዳይ ሄደች። «እድሩስ?» አለች። ሐጂ ባለፈው ዓመት ሲታመሙ ማታ ማታ ያደረችላቸው ደባሏ ናት። ዕቃ የሚያወርደው፣ ድንኳን የሚተክለው የባጃጁ ልጅ ነው። «አራተኛ ፎቅ ላይ ብወጣ ግድ የለኝም። ጉልበቴን ያመኛል እንጂ እወጣለሁ። እነሱን ግን አብረህ አውጣልኝ» አለችው። እጩው ይህንንም ጻፈ።

በሚቀጥለው እሑድ ተመልሶ ይመጣል። ጎን ያሉትን ሁለት ግቢዎች እናቴ ይዛው ልትዞር ተስማምተዋል። እኔም ደብተር ይዤ እከተላለሁ። ማድ ቤትም ጓዳም እንጠይቃለን።

እናንተም የቀበሌ ግቢ ውስጥ ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ቁጠሩልኝና ላኩልኝ። የማንንም ስም አትጻፉ። ስንት ሰው ያድራል፣ መዝገብ ላይ ስንት አለ፣ ሽንት ቤቱ ስንት ነው፤ ይኼው ይበቃል። ዝናቡ አባርቷል። እናቴ ባልዲውን ልትደፋ ተነስታለች፤ ልቀበላት። ደህና ሁኑ።