ሳይን ፓይ ዜሮ ነው ያለው ማነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራውም ደረቅ ቢጤ ነው፦ ሳይንና ኮሳይን። አትሂዱብኝ እንጂ።

የሆነ ጊዜ ላይ ለአንዲት ትንሽ ቺፕ የሚሆን የሒሳብ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የስሌት ኮድ፣ እንሠራ ነበር። ትሪጎኖሜትሪው የእኔ ድርሻ ነው። ኮዱን ጻፍኩና ትክክል መሆኑን ወደሚፈትሸው ቴስት ገባሁ። መጀመሪያ የጻፍኩት ቴስት ምን ይላል? ሳይን ፓይ ዜሮ ነው። ማንም ተማሪ የሚያውቀው ነገር ነው።

እስቲ ላፕቶፑ ላይ ልየው ብዬ ሞከርኩት። ዜሮ አልመጣም። ዜሮ ነጥብ፣ ከዚያ 15 ዜሮ፣ ከዚያ 12246 እያለ ይቀጥላል። "ኤጭ፣ የኮምፒውተር ነገር" አልኩ። ቴስቱን አላላሁት፤ ለዜሮ ከቀረበ ይለፍ። አለፈ። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ፣ እኔም ተኛሁ።

ለካ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓይ ማለቂያ የለውም፤ ላፕቶፑ ግን ለአንድ ቁጥር የሚሰጠው ቦታ 64 ቢት፣ ማለትም 64 የዜሮና የአንድ ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ማሽኑ የያዘው ፓይን ሳይሆን የፓይን ጎረቤት ነው። ሁለቱም 3.141592653589793 ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ እውነተኛው ፓይ 238462 ብሎ ይቀጥላል፣ የማሽኑ ደግሞ 115997። ቀንሱታ። 122465 ገደማ። ቅድም ስክሪኑ ላይ ያየሁት ቁጥር!

ሳይን ፓይ አጠገብ ሲደርስ የሚሰጠው መልስ፣ ፓይ ጋ ለመድረስ የቀረው ርቀት ነው ማለት ይቻላል። ላይብረሪው የጠየቅኩትን በትክክል መልሶልኛል። የጠየቅኩት ግን ስለ ፓይ አልነበረም፤ ስለ ጎረቤቱ ነበር። ይሄ ሲገባኝ ወንበሬ ላይ ትንሽ ፈዝዤ ቀረሁ።

"ታዲያ ምን ለውጥ አለው፣ ያው ዜሮ በለው" ትሉ ይሆናል። እንደ ፈረንጆቹ በ2014 ብሩስ ዳውሰን የሚባል ፕሮግራመር ይቺኑ ቁጥር ይዞ የኢንቴልን ፕሮሰሰር ፈተነው። ቺፑ ውስጥ ሳይን የሚያሰላ የራሱ ትእዛዝ አለ። ማኑዋሉ ስህተቱ ከመጨረሻዋ አሃዝ እንደማያልፍ ይናገር ነበር። ትክክለኛው መልስ 122464 ብሎ ይጀምራል፤ ቺፑ የሰጠው 122460 ይላል። 5 አሃዝ ትክክል፣ ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ቁጥር ነው። ምክንያቱ ቺፑ የሚጠቀመው ፓይ 66 ቢት ብቻ መሆኑ ነው። ኢንቴልም ማኑዋሉን ለማረም ተስማማ። እንደኔ የላላ ቴስት ቢሆን ሁለቱም በሰላም ያልፉ ነበር።

ሁለተኛው ጥፋቴ ይብሳል። ሳይን ካሬ ሲደመር ኮሳይን ካሬ 1 ይሆናል አይደል? በእሱ ላረጋግጥ ብዬ 10,000 አንግሎች በዘፈቀደ ሰጠሁት። ሁሉም 1። ደስ አለኝ። ቆይቶ የ1000 ሬዲያንን ሳይን (ሬዲያን የአንግል መለኪያ ነው፤ አንድ ሙሉ ዙር 2 ፓይ ሬዲያን ነው) በቺፗና በላፕቶፑ ሳስተያይ፣ ላፕቶፑ 0.82688፣ የእኔዋ 0.82686። 5ኛው አሃዝ ላይ ተለያዩ። ቺፗ የምትሠራው በ32 ቢት ቁጥር ነው፤ ባለ 32 ቢት ቁጥር ደግሞ ቢያንስ 6 አሃዝ አያሳፍርም ነበር።

ምን ሆነ? 1000 ሬዲያን ማለት 159 ጊዜ ሙሉ ዞሮ የሚተርፍ ነገር ነው። ኮዴ 159ኙን ዙር ይቀንስና በትርፉ ይሠራል። የአንዱ ዙር ርዝመት ላይ ያለችው ትንሽ ግድፈት 159 ጊዜ ተባዝታ ትርፉን አበላሸችው። ሳይኑም ኮሳይኑም የሚሠሩት ግን በዚያው በተበላሸ ትርፍ ነው። የተሳሳተ አንግልም ቢሆን ሳይን ካሬውና ኮሳይን ካሬው ሲደመሩ 1 ናቸው! ያይጥ ምስክር ድንቢጥ ማለት ይሄ ነው።

ማስተካከያው የታወቀ ነው፤ ፓይን በቁራጭ በቁራጭ ይዞ መቀነስ። እሱን አደረግኩ። ምስክሩን ግን ቀየርኩ። ባለ 32 ቢቱን በ64 ቢት ላይብረሪ ማመሳከር ጀመርኩ፤ መስካሪው ከተመስካሪው በላይ ማወቅ አለበት። ናሙና መምረጡንም ተውኩት። 32 ቢት ሲባል በጠቅላላው 4,294,967,296 ቁጥር ነው። ሁሉንም ፈተንኳቸው። ላፕቶፑን ለቅቄው ቡና ልጠጣ ሄድኩ፣ ስመለስ ጨርሷል።

64 ቢት ላይ ይሄ አይሞከርም። በሰከንድ ቢሊዮን ብትፈትኑ እንኳ ከ580 ዓመት በላይ ይፈጃል። እዚያ እንደ ኤምፒኤፍአር ያለ፣ የፈለጋችሁትን ያህል አሃዝ የሚያሰላ መሣሪያ ታመጣላችሁ፤ አስቸጋሪዎቹን ቁጥሮች እየመረጣችሁ ትፈትናላችሁ። ለምሳሌ 1 ብላችሁ 22 ዜሮ ጻፉና ሳይኑን ጠይቁ። -0.8522 ካላላችሁ ላይብረሪያችሁን ጠርጥሩት።

ያቺን የመጀመሪያዋን ቴስት አልሰረዝኳትም። አሁን የምትጠብቀው -0.0000000874 ነው። ነጌቲቭ የሆነው ባለ 32 ቢቱ ፓይ ከእውነተኛው ትንሽ ስለሚበልጥ ነው። በቀደም አንድ ባልደረባዬ አያትና "ምንድን ነው ይሄ? ዜሮ በለው እንጂ" አለኝ።

ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበልኩት።

በሉ፣ ቸር እንሰንብት።