አበባው ሲረግፍ ምን ይቀራል?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የላንድስኬፕ ዲዛይን፣ ማለትም የግቢና የመናፈሻ ንድፍ፣ መማር ከጀመርኩ ወዲህ ስለ ዕፅዋት አመራረጥ ሳሰላስል የከረምኩትን ላውራችሁ።

ሰው ችግኝ ሊመርጥ ሲሄድ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው አበባው ላይ ነው። አይፈረድበትም፣ አበባ የሚፈካው ሊታይ ነው። ግን የብዙ ተክል አበባ ቢቆይ ቢቆይ ጥቂት ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ የምናየው ቅጠሉንና ቁመናውን ነው። እኔ አሁን አንድ ተክል ፊት ስቆም አበባውን በእጄ ሸፈን አደርግና የቀረውን አያለሁ። ሰፊ ቅጠል ነው ደቃቅ? ቀጥ ብሎ ይወጣል ወይስ ተንዠርግጎ ይወርዳል? ሰፊ ቅጠል ካለው አጠገብ እንደ ሣር የቀጠነ ስትተክሉ ሁለቱም ጎልተው ይወጣሉ። ሁለት ደቃቅ ቅጠሎች ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን ራቅ ብሎ ለሚያይ ይደባለቁበታል።

ሆላንዳዊው ዲዛይነር ፒት አውዶልፍ በዚህ በጣም ይታወቃል። ኒውዮርክ ውስጥ በቀድሞው የጭነት ባቡር ድልድይ ላይ የተሠራውን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተውን የሃይ ላይን ፓርክ ተክል የመረጠው እሱ ነው። አበባው ካለቀ በኋላ የደረቀው አገዳና የዘር ፍሬው በብርዱ ወራት ሁሉ እንዲታይ ይተወዋል። ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን የምናጭደውን ማለት ነው።

ደግሞ ቅጠል ለዓይን ብቻ አይደለም፣ ተክሉ የት መኖር እንደሚወድም ይናገራል። ላቬንደርን ወይም ሴጅን፣ እነዚያን መዓዛማ ተክሎች፣ በጣታችሁ ዳበስ አድርጉት፤ ግራጫ ነው፣ ጸጉር አለው። ያ ጸጉር ፀሐዩን ይመልሳል፣ ውሃው ቶሎ እንዳይተን ይይዛል። ስለዚህ እርጥብ ጥላ ውስጥ አትትከሉት፣ ይበሰብስባችኋል። እንግሊዛዊቷ አትክልተኛ ቤዝ ቻቶ የመኪና ማቆሚያ የነበረ ጠጠራማ ቦታ ላይ ድርቅ የሚችሉ ተክሎችን መርጣ፣ ማጠጣት የማያስፈልገው አትክልት ቦታ ሠርታለች። ማጠጫ ቱቦ ከመዘርጋት በፊት ተክሉን መምረጥ ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው።

ቀለምን ዘልዬው ልለፍ፣ ስለሱ የሚያወራ ሞልቷል።

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው በተክሎቹ መካከል የሚተወው ርቀት ነው። በአንድ እጅ የያዛችሁት ችግኝ ሲያድግ 2 ሜትር የሚሰፋ ቁጥቋጦ ሊሆን ይችላል። እንግዲያው ፕላኑ ላይ ተክሉን የሚወክለውን ክብ የምትስሉት በሚደርስበት ስፋት ነው፤ ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል 2 ሜትር። ወረቀት ላይ ያምራል። መሬት ላይ ግን ባዶ ነው፣ የግቢው ባለቤትም «ምነው ሳሳ?» ማለቱ አይቀርም። አጠጋግቶ መትከል ለጊዜው ደስ ያሰኛል፣ በኋላ ግን ተሻምተው አንዱ አንዱን ያቀጭጨዋል። ክፍተቱን አንድ ወቅት ብቻ በሚቆዩ አበባዎችና አፈሩን በሚሸፍን የገለባ ወይም የቅጠል ጉዝጓዝ መሙላት ይሻላል፤ ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ ብቻ።

አሁን ለባለቤቱ ሁለት ሥዕል ማሳየት ለምጃለሁ፤ አንዱ የተተከለ ዕለት፣ አንዱ በአምስተኛው ዓመት። የመጀመሪያውን ቀድሜ አሳያለሁ፣ የሚያስከፋው እሱ ስለሆነ።