የተሰረዘው ትእዛዝ፦ ጄኔራል ጂያፕ በዲየን ቢየን ፉ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የምናነሳቸው ሰው የጦር ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ ጄኔራል ናቸው። ቬትናማዊው ቮ ንጉየን ጂያፕ ሃኖይ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምሩ ነበር። ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥራና፣ በ1911 ተወልደው፣ ዲሴምበር 22 ቀን 1944 የመጀመሪያውን ጦራቸውን ጫካ ውስጥ ሲያቋቁሙ የተሰለፈላቸው 34 ሰው ብቻ ነበር። ስለ ጀግንነታቸው ብዙ ተወርቷል። እኔ የምናገረው ስለ ሩዝ፣ ስለ ገመድና ስለ አንድ የተሰረዘ ትእዛዝ ነው። የሰውዬው ሙያ የሚታየው እዚያ ላይ ነውና።

አስቀድመን ስህተታቸውን እንይ። በ1951 መጀመሪያ ከተራራ ወርደው በቀይ ወንዝ ሜዳ ቬትናምን በቅኝ ይገዙ የነበሩትን ፈረንሳዮች ፊት ለፊት ገጠሙ። ቪን የን ላይ እግረኛው ገላጣ ሜዳ ውስጥ እየተግተለተለ ሲገባ አውሮፕላን ናፓልም የተባለውን ተጣባቂ የእሳት ቦምብ አዘነበበት፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ማኦ ኬና ዳይ ወንዝ ላይም ሞከሩት፤ ውጤቱ ያው ነበር። በ1952 መጨረሻ ደግሞ ና ሳን የተባለውን፣ ስንቁ በአየር ብቻ የሚደርሰውን ምሽግ አጥቅተው ከሸፈባቸው። ፈረንሳዮች ይህን አይተው ዘዴው እንደሚያዋጣ አመኑ። ኖቬምበር 20 ቀን 1953 ከሃኖይ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በዲየን ቢየን ፉ ሸለቆ በፓራሹት የወረዱት በዚሁ እምነት ነው። ጂያፕ ከባድ መድፍ ማምጣትም ሆነ ብዙ ጦር እዚያ መቀለብ አይችሉም ብለው አስልተዋል።

ስሌቱ ቀልድ አልነበረም። ሃያ ኪሎ ሩዝ የተሸከመ ሰው በቀን አንድ ኪሎ ቢበላ፣ የ10 ቀን መንገድ ሄዶ እስኪመለስ ጭነቱን ራሱ ይጨርሰዋል፤ ግንባር የምትደርስ ፍሬ የለችም። ስለዚህ ብስክሌት መጣ። አይነዱትም፤ ይገፉታል። ገፊው ከጎን ሆኖ እንዲመራው እጀታው ላይ ረጅም ቀርከሃ ይታሰራል። ከኮርቻው ኋላ ሌላ ዘንግ ይቆማል፤ ዳገት ላይ መግፊያ፣ ቁልቁለት ላይ መያዣ ነው። ጎማው ከክብደቱ የተነሳ እንዳይፈነዳ የውስጥ ጎማው በጨርቅ ይጠቀለላል። እንዲህ የተዘጋጀ ብስክሌት 200 ኪሎና ከዚያም በላይ ይሸከማል፤ ገፊው ግን የሚበላው ያንኑ የአንድ ሰው ቀለብ ነው። በነገራችን ላይ ዝናውን ብስክሌቱ ይውሰደው እንጂ፣ መንገድ በተጠረገበት ሁሉ የሶቪየት የጭነት መኪና ብዙ ጎትቷል።

መድፉ ሌላ ጣጣ ነበር። ባለ 105 ሚሊሜትሩ መድፍ ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል። መኪና ከማይደርስበት ወዲያ በገመድ፣ በሌሊት፣ በሰው ጉልበት ይሳባል፤ በእያንዳንዱ ስበት ከጎማው ሥር እንጨት ይወሸቃል። ሽብልቁ ካመለጠ ወይም ገመዱ ከተበጠሰ መድፉ ወደ ገደል ነው።

ጥቃቱ ለጃንዋሪ 26 ቀን 1954 ተቆረጠ። እቅዱ በጥቂት ቀን ውስጥ ሸለቆውን መጠራረግ ነበር። በዚያው ቀን ጠዋት ጂያፕ ከቻይናዊው አማካሪ ጋር ተከራክረው ትእዛዙን ሰረዙት። ምክንያታቸው ሦስት ነበር፦ ጦሩ ከአንድ ሻለቃ በላይ የያዘ ምሽግ ደምስሶ አያውቅም፤ እግረኛና መድፈኛ በዚህ ስፋት ተቀናጅተው አልተዋጉም፤ ገላጣ ሜዳ ላይ፣ በቀን፣ በአውሮፕላን ሥር መዋጋት አልለመደም። ቪን የን ዓይናቸው ላይ እንደነበረ መገመት አይከብድም። በኋላ ሲጽፉም በአዛዥነት ዘመናቸው ከወሰኑት ሁሉ የከበዳቸው ይህ እንደነበር ተናግረዋል። እጁ በገመድ የተላጠ ወታደር መድፉን በመጣበት መንገድ መልሶ እንዲስብ ታዘዘ። ቶ ቪን ዲየን የተባለው ወታደር የሚንሸራተት ጸረ አውሮፕላን መድፍ ለማቆም ጎማው ሥር ገብቶ የሞተው በዚህ ምልሰት ላይ ነው።

ቀጥሎ ወደ ሰባት ሳምንት የሚሆን ጊዜ ለቁፋሮ ዋለ። እያንዳንዱ መድፍ ሸለቆውን በሚያየው ተዳፋት ላይ ለብቻው ዋሻ ተቆፈረለት፤ አፈሙዙ ብቻ ይታያል። ሌላ ቦታ የእንጨት መድፍ ተተክሎ የፈረንሳይን ጥይት ያስጨርስ ነበር። የፈረንሳዮቹ መድፎች ግን ሸለቆው ወለል ላይ፣ ክፍት ጉድጓድ ውስጥ ነበሩ። ማርች 13 ተኩሱ ሲጀመር ቤያትሪስ የተባለው ምሽግ በዚያው ሌሊት ወደቀ፤ የጂያፕን መድፍ ዝም አሰኛለሁ ብለው የነበሩት የፈረንሳይ መድፈኛ አዛዥ ኮሎኔል ፒሮት በቀናት ውስጥ ራሳቸውን አጠፉ። ማርች ከማለቁ በፊት አውሮፕላን ማረፍ አቆመ። ከዚያ በኋላ ስንቅ የሚወርደው በፓራሹት ነው፤ ይዞታው በጠበበ ቁጥር ጥቅሉ ለጂያፕ ወታደሮች ይወድቅላቸው ጀመር።

ግን ጂያፕ ማርች 30 በምሥራቅ ኮረብታዎች ላይ የድሮውን ስህተት ደገሙት፤ ግልጽ ጥቃቱ ብዙ ሰው ፈጀ። ወደ ቁፋሮው ተመለሱ፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የምሽግ ቦይ ተቆፈረ። ኤ1 በተባለው ኮረብታ ሥር አንድ ቶን ግድም ፈንጂ ተቀብሮ ሜይ 6 ማታ ተተኮሰ፤ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የፈረንሳይ ጦር አዛዥ ጄኔራል ደ ካስትሪ ተማረኩ።

የቀረውን ላሳጥረው። በ1975 የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን በሰሜኑ ጦር ስትያዝ የግንባሩ አዛዥ ቫን ቲየን ዱንግ ነበሩ። ጂያፕ በ1980 ከመከላከያ ሚኒስትርነት፣ በ1982 ከኮሙኒስት ፓርቲው የበላይ አመራር፣ ከፖሊት ቢሮ ተነሱ፤ የቤተሰብ ምጣኔ ኃላፊነትም ተሰጣቸው። በ102 ዓመታቸው በ2013 አረፉ። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ97 ዓመታቸው፣ ለመንግሥት ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ በቬትናም ማዕከላዊ ደጋ የተጀመረው የቦክሳይት (የአሉሚኒየም ማዕድን) ቁፋሮ እንዲቆምና እንደገና እንዲጠና የሚጠይቅ።

አመሰግናለሁ።