እዚህ ዕድሜ ላይ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ለቀረጻው ስል ቬንቲሌተሩን አጥፍቼዋለሁና ዛሬ ንግግሬ ከተዛነፈ በድሬዳዋ ሙቀት አሳብቡልኝ። ስለ ጎረቤቴ አውራ ዶሮ በመልእክት የጠየቃችሁኝም ደህና ነው፤ መሐል ላይ ሳይጋበዝ መግባቱ አይቀርም። የዛሬው ጉዳይ ግን ካለፈው ቀጠሮዬ ወዲህ አልለቀቀኝም።

ነገሩን የጀመረችው የካናዳዋ እህቴ ናት። የአልማዝ ባለጭራን ክትባት ሁለተኛ ዙር እንደወሰደች፣ ክንዷም ለጥቂት ቀናት እንደከበዳት ስትነግረኝ ቆይታ «እታለም፣ አንቺስ ተከተብሽ ወይ?» አለችኝ። እሷ በደሟ ውስጥ ኤች አይ ቪ የለም፤ የተከተበችው እዚያ አገር 50 ዓመት ለሞላው ሁሉ ስለሚመከር ብቻ ነው። እኔ ቫይረሱን ተሸክሜ ስልሳን ስሻገር ግን ስለዚህ ክትባት ያነሳልኝ ባለሙያ አልነበረም፤ በአገራችን መደበኛ የክትባት ፕሮግራም ውስጥም አልገባም። ክትባት ሲባል እኛ ዘንድ የሕፃናት፣ የነፍሰ ጡሮችና አሁን አሁን ደግሞ የልጃገረዶች ጉዳይ ነው።

ስለዚህ መድኃኒቴን ልወስድ በሄድኩበት ዕለት ጠየቅሁ። ወጣቱን ባለሙያ ታውቁታላችሁ፤ ስለ ትሕትናው ደጋግሜ ያወራሁላችሁ ነው። የደም ውጤቴን እያየ ሳለ «ልጄ፣ የአልማዝ ባለጭራ ክትባት ለእኛ አይሰጥም ወይ?» አልኩት። እስክሪብቶውን ካርዴ ላይ አጋደመና «እትዬ፣ የእርስዎ ቫይረስ እኮ በምርመራ አይታይም፤ ከእኔ ይልቅ ጤነኛው እርስዎ ነዎት» አለኝ። መልስ መስሎት ነበር። ዝም ብዬ ስጠብቀው ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና «እውነቱን ልንገርዎት? እናንተ እዚህ ዕድሜ ላይ ትደርሳላችሁ ብሎ ያሰበ አልነበረም» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያም የስድስት ወር መድኃኒቴን በፌስታል ይዤ ወጣሁ።

ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ያንኑ ዓረፍተ ነገር እንደገና ሰማሁት፤ ማታም ሰማሁት። «ያሰበ አልነበረም» ሲል ማንን ማለቱ ነው? መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር እሱ ገና ትንሽ ልጅ ነበር፤ ስለዚህ ማሰብም አለማሰብም አይመለከተውም። ሐኪሞቹን ከሆነ፣ የዚያን ጊዜ ጭንቃቸው ሰው ከአልጋ እንዲነሳ ነበርና አልፈርድባቸውም። ቤተሰቦቼን ከሆነ ደግሞ፣ ልጄን ለእህቴ አደራ ብዬ የሰጠሁት እኔው ራሴ ስለነበርኩ በእነሱ ልቀየም አልችልም። ታዲያ ምኑ ነው የከነከነኝ? ሳቁ ይሆን? ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም የደስታ ሳቅ ነው ብል ያስኬዳል። አንዳንድ ቀን እንደ ምርቃት እወስደዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ ለምሳሌ ዛሬ፣ «መድረሳችሁ ይበቃል፣ ሌላ አትጠይቁ» የተባልኩ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ የማወራው በሽታውን ስለማውቀው ነው። በ1992 ዓ.ም. ይዞኛል። በመጀመሪያ ከግራ ጀርባዬ እስከ ጡቴ ሥር ቆዳዬን ያቃጥለኝ ጀመር፤ ምች ነው ብለን ዳማከሴ ታሸሁ። ቀናት ቆይቶ ውኃ የቋጠሩ ፍሬዎች በአንድ መስመር ወጡና ልክ ደረቴ መሐል ሲደርሱ ቆሙ፤ ወደ ቀኝ አንዲት እንኳ አልተሻገረችም። ነጠላ ሲነካኝ እጮህ ነበር። ቡና የምንጠራራት ጎረቤቴ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ቁስሉን አይታ፣ «እግዜር ይማርሽ» ብላ ወጣች፤ ከዚያ ቀን በኋላ ልጇን ቡና ጥሪ ብላ ልካብኝ አታውቅም። ያኔ እኔ ገና አልተመረመርኩም ነበር፤ እሷ ግን በቆዳዬ ላይ አንብባ ጨርሳለች። በዚያ ዘመን ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ያነብ ነበር፤ ብዙ ሰው የታወቀው በደም ምርመራ ሳይሆን በዚህ ቁስል ነው። ቁስሉ ደርቆ ካበቃ በኋላ ሕመሙ ከዓመት በላይ ከነርቩ ጋር ኖሯል። ይኸው ዶሮው ገባ፤ እንግዲህ ታገሡት።

በልጅነት ጉድፍ ያወጣብን ቫይረስ ከሰውነታችን አይወጣም፤ በነርቭ ሥር ተደብቆ ይቆይና ዕድሜ ሲገፋ ወይም የመከላከል አቅም ሲደክም ያንኑ ነርቭ ተከትሎ ይመለሳል። እኛ ዘንድ ሁለቱም ይገናኛሉ። መድኃኒታችንን በሥርዓቱ ብንወስድም እንኳ አደጋው ቫይረሱ ከሌለበት ሰው ከፍ ያለ ነው። አንድ ጊዜ የያዘውም ሰው እንደገና ሊይዘው ይችላል፤ ለዚህ ነው «የማይታይ» መባሌ ለጥያቄዬ መልስ ያልሆነው። ያ ልጅ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም፤ የሌለውን ነገር ከማስመኘት ማመስገን ቀሎት ይሆናል።

የቀድሞው ክትባት በሕይወት ያለ፣ ግን የተዳከመ ቫይረስ ስለነበር አቅማቸው ለደከመ ሰዎች አይመከርም ነበር። በ2017 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አሜሪካ የፈቀደችው ሺንግሪክስ ግን ከቫይረሱ አንዲት ፕሮቲን ብቻ የያዘ ስለሆነ በሽታውን ሊያስይዝ አይችልም፤ በ2021 ደግሞ የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ወጣት አዋቂዎች ጭምር ተፈቅዷል። ሁለት ጊዜ ይሰጣል፤ በሁለቱ መካከል ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይቆያል፤ እንደኛ ላሉት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜም ይቻላል። ዕድሜያቸው 50ና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ በተደረገው ትልቅ ሙከራ 97 በመቶ ተከላክሏል። የሙከራው ሰዎች እንደኛ ዓይነት አልነበሩም፤ በእኛ ላይ የተለካው ሰውነት ለክትባቱ የሚሰጠው ምላሽ ነው፤ እሱም ጥሩ ነው።

እህቴ «በሻንጣ ልላክልሽ» ትላለች። የድሬ ሰው በሻንጣ የማይመጣ ነገር ያለ አይመስለውም፤ የከዚራ ሰፈርና የታይዋን ገበያ ልጆች ይህን ስትሰሙ እንደምትስቁ አውቃለሁ። ይህ ግን ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ካልቆየ አይሆንም፤ በበረዶ ልጠብቀው ቢሉ ደግሞ ራሱ በረዶ ከሠራ ይጣላል። ከካናዳ አዲስ አበባ ደርሶ፣ በአዋሽ ሙቀት አልፎ እዚህ ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቡት። ዋጋውም አንዱ ብልቃጥ ከ150 ዶላር በላይ ነው። ደግሞስ ለእኔ ብቻ መጥቶ፣ በቀጠሮ ቀን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አብረውኝ የሚቀመጡት እኩዮቼስ?

እስከዚያው ማድረግ የሚቻለው አንድ ነገር አለ። ማቃጠሉና ፍሬው በአንድ ጎን ሲጀምር ዳማከሴ ፍለጋ ሳይኬድ፣ ፍሬው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ አሲክሎቪር የተባለውን የቫይረሱን መድኃኒት መጀመር ነው፤ በተለይ ግንባርና ዓይን አካባቢ ከሆነ ለነገ አይባልም። ይህን ለእኩዮቼ ነግሬያቸዋለሁ። አንዷ «እኔ እንኳን ለዚህ፣ ለስኳሬም ጊዜ አላገኘሁ» አለችኝ፤ ምን ልበላት?

በሚቀጥለው ቀጠሮ ልጁን እንደገና እጠይቀዋለሁ ብዬ ነበር፤ ጥያቄዬን በጽሑፍ አድርጌ ለበላዮቹ እንዲያደርስልኝ። ከዚያ ደግሞ እሱን ማስጨነቅ ይሆንብኛል እላለሁ። እህቴ በበኩሏ ለልጇ ሠርግ ነይ ትለኛለች፤ ቪዛው ከተገኘ እዚያው እከተብ ነበር፤ ግን ለሁለተኛው ዙር ቢያንስ አንድ ወር መቆየት አለብኝ፤ አንድ ወር ሙሉ እሷ ቤት ከተቀመጥኩ ደግሞ እኛ ሁለታችን፣ ታውቁናላችሁ...