ሜትር ይዛችሁ ግቡ፦ ለመኪና ጣሪያ ሶላር ስትገዙ

(ምስል፦ ረፋድ ላይ፣ ጣና ዳር። ነጭ ዶልፊን ሚኒባስ ከትልቅ ሾላ አጠገብ ቆማለች። ጣሪያዋ ላይ ሁለት ጥቁር ፓኔሎች ይታያሉ።)

ሰላም ጓደኞች፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ያለሁት ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ነው። ከኋላዬ የምታዩዋት ዶልፊን ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታመላልስ የኖረች ናት። አሁን ወንበሮቿ ወጥተው አልጋ ገብቶላታል። ትንሽ ፍሪጅ አላት፣ ማራገቢያ አላት፣ ላፕቶፕ የማስቀምጥባት ጠረጴዛም አለች። ፈረንጆቹ ሞተርሆም የሚሉት ዓይነት መሆኗ ነው። የሰፈር ልጆች ግን «ቤቷ መጣች» ነው የሚሉት።

ጣሪያዋን ያየ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። «ስንት ዋት ነው?»

እኔም ስጀምር የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። ዋጋውን ከፈልኩ።

(ምስል፦ አሮጌ ፓኔል መሬት ላይ። ካሜራው ወደ ጀርባው ወረቀት ይጠጋል፦ «300 ዋት»።)

ይህ የመጀመሪያው ፓኔሌ ነው። ጀርባው ላይ 300 ዋት ይላል። ሻጩም «ወንድሜ፣ ይሄ ቤት ሙሉ ያበራልሃል» አለኝ። እንዳልታለል ብዬ «በቴስተር ለካልኝ» አልኩት። ለካልኝ። 22 ቮልት አሳየ። ደስ ብሎኝ ተሸክሜው ወጣሁ።

በጥር ፀሐይ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት እኩለ ቀን፣ ፓኔሉ 90 ዋት ማለፍ አቃተው። ሽቦ ቀየርኩ። ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረውን ኮንትሮለር ቀየርኩ። ባትሪውን ጠረጠርኩ። በመጨረሻ የጀልባ ኤሌክትሪክ የሚሠሩ አንድ ጋሼ ዘንድ ወሰድኩት። እሳቸው ቴስተር እንኳን አላወጡም። ከኪሳቸው ያወጡት ሜትር ነው። ርዝመቱን ለኩ፣ ወርዱን ለኩ፣ ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ከግማሽ ካሬ ሜትር ብዙም አይበልጥም።»

«ታዲያ ጋሼ?»

«ታዲያማ 300 ዋት ከየት ይመጣል?»

ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው። እኩለ ቀን ላይ ጠንካራ ፀሐይ አንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የምታሳርፈው ጉልበት 1,000 ዋት ገደማ ነው። ፓኔሎች ፋብሪካ ውስጥ የሚለኩትም በዚህ ብርሃን ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ጥሩ ፓኔል ከዚህ ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ከ20 እስከ 23 በመቶውን ነው። ስለዚህ ርዝመቱን በወርዱ አባዙ፣ ያገኛችሁትን በ220 አባዙ። የፓኔሉ እውነተኛ ዋት እዚያ አካባቢ ነው። 1 ሜትር ከ72 በ1 ሜትር ከ13 የሆነ ፓኔል 410 ዋት ቢልህ እመነው። የእኔን የሚያህለው 300 ቢልህ ሳቅና ውጣ።

የቴስተሩ 22 ቮልትስ? ምንም አይነግርም። 10 ዋቷ ትንሽ ፓኔልም 22 ቮልት ታሳያለች። ቮልት ብቻውን ስለ ጉልበት አያወራም፤ ዋት የሚገኘው ቮልት በአምፔር ሲባዛ ነው። መለካት ካማራችሁ ፓኔሉን ፀሐይ ላይ አውጡና ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርጉት። ለ12 ቮልት ባትሪ የተሠራ እውነተኛ 100 ዋት ፓኔል ሁለቱ ጫፎቹ ሲገናኙ በጥሩ ፀሐይ ከ5 እስከ 6 አምፔር ይሰጣል። አብዛኛው ቴስተር ከ10 አምፔር በላይ አይችልም፤ ለትልልቅ ፓኔሎች አትሞክሩት።

(ምስል፦ የመኪናዋ ውስጥ። እጅ ፍሪጁን ይከፍታል፣ ማራገቢያውን ያበራል።)

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ፓኔል ከመግዛት በፊት የሚሠራው ሥራ እዚህ ነው።

የእኔ ትልቁ በላተኛ ፍሪጁ ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ፣ ሲነሳ 45 ዋት የሚወስድ። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ይነሳል፣ ያርፋል። በባሕር ዳር ሙቀት ግን ከቀኑ ግማሹን እንደሚሠራ ቁጠሩት። ዋቱን በሚሠራበት ሰዓት ስናባዛው 540 ዋት-ሰዓት ነው። ማራገቢያው 20 ዋት ነው፣ ሌሊቱን 8 ሰዓት ሲዞር ያድራል፣ 160። ያለ እሱ እዚህ መተኛት የሚችል ካለ ይንገረኝ። ላፕቶፑ 60 ዋት በ3 ሰዓት፣ 180። ስልክና መብራት አንድ ላይ 50 ቢሆን ነው። ድምሩ 930 ዋት-ሰዓት በቀን።

ምጣድ? የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት እና ከዚያም በላይ ይጎትታል። እንጀራ ግዙ። ቡናውንም በከሰል አፍሉ፣ እሱ እንዲያውም ይጣፍጣል።

ይህ 930 ከፀሐይ መምጣት አለበት። ፀሐይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ብትወጣም፣ ጠዋትና ማታ ደካማ ናት። ቁም ነገር ያለው ጉልበት የሚመጣው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። የቀኑ ብርሃን ሁሉ ተጨምቆ ወደ ሙሉ ፀሐይ ቢቀየር በበጋ 5 ወይም 6 ሰዓት ይወጣዋል። እኔ የማሰላው ግን በ4 ነው። 930ን ለ4 ስናካፍለው 233 ዋት ገደማ። በዚህ ላይ ሙቀት፣ አቧራ፣ ሽቦና ኮንትሮለር ተባብረው ሠላሳ ከመቶውን ይበሉታል። ስለዚህ ለ0.7 እናካፍለው። ወደ 330 ዋት መጣ። እኔ ሁለት ባለ 200 አደረግኩ፣ 400 ዋት።

(ምስል፦ ጸሐፊው ጣሪያ ላይ ወጥቶ በሜትር ሲለካ።)

ለምን 550 ዋቱን አንድ ትልቅ የቤት ፓኔል አልገዛህም የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ በዋት ሲሰላ የቤቱ ይረክሳል። ግን 2 ሜትር ከ28 ይረዝማል፣ 28 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የዶልፊኗ ጣሪያ መሐል ላይ የአየር መውጫ መስኮት ከፍቼባታለሁ፣ ትልቁ ፓኔል እሱን ይደፍነዋል። ጣሪያው ባዶ የሆነለት ሰው ግን ትልቁን ቢገዛ አልፈርድበትም። ብቻ መጀመሪያ ጣሪያውን ይለካ።

ጣሪያ ላይ ተጣብቆ የሚታጠፈውን ስስ ፓኔልም አይቻለሁ። ቀላል ነው፣ ያምራል። ከሥሩ አየር ስለማይገባ ግን ይጋላል፣ ዕድሜውም አጭር ነው። ለእኔ አይሆንም። የመስታወቱን ፓኔል ከጣሪያው ጥቂት ጣት ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ፓኔል ሲግል ይደክማል። ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር በየዲግሪው ከመቶ 0.3 ወይም 0.4 ያህል ያጣል። ፀሐይ ላይ ሲውል ደግሞ 60 ዲግሪ መድረስ ብርቁ አይደለም።

ስለማዘንበል። የፈረንጅ አገር ቪዲዮዎች ፓኔሉን ወደ ደቡብ አዘንብሉ ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ለነሱ። እነሱ ዘንድ በብርዱ ወራት ፀሐይ አድማስ ላይ ተኝታ ነው የምትውለው። ባሕር ዳር ግን ከምድር ወገብ የምትርቀው 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 12 አካባቢና ነሐሴ 16 አካባቢ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይዋ በትክክል አናት ላይ ትሆናለች። በመሐል ባሉት ወራት ጭራሽ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። በታኅሣሥ ዝቅ ስትል እንኳ እኩለ ቀን ላይ ከአድማስ 55 ዲግሪ ከፍታ አላት። ስለዚህ ፓኔሉን ጣሪያ ላይ ጠፍጣፋ አስቀምጡት፣ አትጨነቁ። የዝናብ ውሃ እንዳይቋጥር ትንሽ ብቻ ይዘንብል።

ነሐሴ 16 አናት ላይ ናት ስል ግን ማን ያያታል? ደመናው መች ይለቃታል። «ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት» ይባላል፤ የእኔ ፓኔሎች ግን ይህን እስከ መስከረም አያምኑም። ሐምሌ ላይ ከበጋው ግማሽ እንኳ የማይሞላባቸው ቀናት አሉ። ለእነዚያ ቀናት መልሱ ተጨማሪ ፓኔል አይደለም፣ ዲናሞ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውም ይሞላል። ሊቲየም ባትሪ ካላችሁ ግን ከዲናሞው በቀጥታ አታገናኙት፤ ያለ ልክ እየጎተተ ዲናሞውን ያቃጥለዋል። በመሐል የሚቆጣጠር ቻርጀር ይግባ።

(ምስል፦ የዛፍ ጥላ ቀስ እያለ ወደ ጣሪያው ሲጠጋ።)

አሁን ወደ ዋናው ጠላት። ጥላ።

ጣና ዳር የቆመ ሰው የሚፈልገው ምንድን ነው? የሾላ ጥላ። ፓኔሉ የሚፈልገው ምንድን ነው? ከሾላው መሸሽ። ይህ ጭቅጭቅ በየቀኑ ነው።

ጥላ ትንሽ ከሸፈነ ትንሽ የሚቀንስ ይመስለናል። አይደለም። ፓኔል ውስጥ ያሉት ሴሎች ተያይዘው ነው የሚሠሩት፣ ልክ በአንድ ቱቦ እንደሚፈስ ውሃ። አንዱ ጋ ቱቦው ከታነቀ ውሃው ሁሉ ይቀንሳል። ለዚህ ብለው አምራቾች ፓኔሉን አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ክፍል ከፍለው ማለፊያ ዳዮድ ያደርጉበታል። አንድ ክፍል ሲሸፈን ጅረቱ እሱን ዘሎ ያልፋል። እሱም ቢሆን የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ የፓኔሉን ሲሶ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። የፖርቶመጋላው ብረት፣ የአንቴና ዘንግ፣ ሁሉም ይቆጠራል። የጣና ወፎችም ከዛፉ ላይ የራሳቸውን ያወርዳሉ። ጠዋት ጠዋት እርጥብ ጨርቅ ይዤ የምወጣው ለዚህ ነው።

ሁለቱን ፓኔሎች ጎን ለጎን፣ ፓራለል ያገናኘሁትም በጥላ ምክንያት ነው። አንዱ ቢሸፈን ሌላው የራሱን ይሠራል። በተከታታይ፣ በሲሪስ ብታገናኙ ቮልቱ ይደመራል፣ አምፔሩ ያንሳል፣ ሽቦውም ቀጠን ሊል ይችላል። ሜዳ ላይ ለሚያቆም ሰው ያ ይሻላል።

(ምስል፦ ከአልጋው ሥር፣ ኮንትሮለርና ባትሪ።)

ፓኔልን ከባትሪ በቀጥታ አታገናኙ። መሐል ላይ ኮንትሮለር አለ። ሁለት ዓይነት ነው፦ ርካሹ ፒደብልዩኤም፣ ውዱ ኤምፒፒቲ። ርካሹ ፓኔሉን በግድ ወደ ባትሪው ቮልት ያወርደዋል። 18 ቮልትና 5.5 አምፔር የሚሰጥ 100 ዋት ፓኔል፣ 13 ቮልት ባትሪ ላይ ሲደርስ 72 ዋት ገደማ ብቻ ይሆናል። ኤምፒፒቲው ግን ትርፉን ቮልት ወደ አምፔር ይመነዝረዋል። 40 ቮልት የሚሰጠውን የቤት ፓኔል 12 ቮልት ባትሪ ላይ በፒደብልዩኤም የሚያገናኝ ሰው ከግማሽ በላዩን ይጥላል። አይቻለሁ፤ «ፓኔሉ ፎርጅድ ነው» ብሎ ሲራገም። ፓኔሉ ምንም አላጠፋም።

ለእኔ 400 ዋት 30 አምፔር ኤምፒፒቲ በቅቶኛል። ከባትሪው በአንድ ክንድ ርቀት አስቀምጡት፣ ወፍራም ሽቦ ስጡት፣ ባትሪው ጫፍ ላይ ፊውዝ አድርጉ። ፊውዙን የምትተው ከሆነ አልጋው ላይም አትተኛ።

ባትሪውን በአጭሩ። የመኪና ማስነሻ ባትሪ ለዚህ አይሆንም፤ ጥቂት ጊዜ ሙልጭ ብሎ ካለቀ አበቃለት። 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት የሊድ ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ቢይዝም ዕድሜው እንዲረዝም ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቀሙት። ለእኔ 930 ሁለት ያስፈልገኝ ነበር፣ ወደ 60 ኪሎ። አንድ 100 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ወደ 1,000 ያህሉን ያለ ችግር ይሰጣል፣ ክብደቱም 12 ኪሎ ገደማ ነው። ውድ ነው፣ አልክድም። ለአሮጊቷ ዶልፊን ግን ኪሎም ዋጋ አለው።

(ምስል፦ ኮንትሮለሩ ስክሪን ላይ ቁጥር ይታያል፦ 290 ዋት። ከዚያ 210።)

አያችሁ? እያወራሁ እያለ ወረደ። 9 ሰዓት ሊሆን ነው፣ ሾላው ጣሪያዬን ይዞታል። ቆይ፣ ሦስት ሜትር ወደፊት ላንቀሳቅሳት።

(ድምፅ፦ ሞተር ይነሳል። ስክሪኑ ላይ፦ 275።)