ከ«ተስፋ» የተወለዱ ስሞች

አቅራቢ፦ ከጅማ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። የዛሬው ውይይታችን «ተስፋ» በተሰኘው ቃልና ከእርሱ በተወለዱ የልጆች መጠሪያዎች ላይ ያተኩራል። የቃሉ ምንጭ «ተሰፈወ» የሚለው የግእዝ ግሥ ሲሆን፣ ተስፋ አደረገ፣ በጉጉት ጠበቀ ማለት ነው።

ተባባሪ፦ ቃል የተገባን ነገር መጠበቅንም ይጨምራል። «የተስፋይቱ ምድር» ስንል እግዚአብሔር ለአብርሃም ሊሰጠው ቃል የገባለትን ምድር ማለታችን ነውና፣ ልጁን በዚህ ቃል የሚሰይም ወላጅ ከምኞት ይልቅ ለኪዳን የቀረበ ነገር የሚናገር ይመስለኛል። «ካሳ»፣ «ምትኩ» እና «ማስረሻ» አብዛኛውን ጊዜ ያለፈውን ኀዘን ሲያስታውሱ፣ ይህኛው ፊቱን ወደሚመጣው ያዞራል።

አቅራቢ፦ እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ቅጥያው ነው። «ተስፋዬ» ሲባል ተናጋሪው ወላጅ ነው፤ በ«ተስፋነሽ» ልጅቷ ማን እንደሆነች ይነገራታል፤ «ተስፋሁን» ግን ገና ጡት ላልጣለ ሕፃን የተሰጠ ትእዛዝ ነው።

ተባባሪ፦ ከባድ ትእዛዝ ነው! እኔ ብሆን «ተስፋዬ»ን እመርጣለሁ፤ ተስፋ የሚያደርገው ወላጁ ስለሆነ ልጁን ብዙ አያስገድደውም። ከቅዱሳንና ከቅዱሳት ቦታዎች ስም ጋር የሚጣመሩትንም አንርሳ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1548 እና በ1549 የግእዝ አዲስ ኪዳንን ሮም ላይ ያሳተሙት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ይባሉ ነበር።

አቅራቢ፦ ከዚያም የአባት ስም ይከተላል። በእኛ ልማድ የቤተሰብ ስም ስለሌለ ሁለቱ ስሞች ሳይታሰብ ዐረፍተ ነገር ይሆናሉ፤ አባቱ ታደሰ ከሆነ «ተስፋዬ ታደሰ» ምርቃት ይመስላል፣ አባቱ ከበደ ከሆነ ግን ሰሚው «ምን ገጥሞት ይሆን?» ሊል ይችላል።

ተባባሪ፦ ደግነቱ፣ ጎረቤቱ «ተስፍሽ» ብሎ ስለሚጠራው ዐረፍተ ነገሩ ትዝ የሚለው የለም። እዚህ ጅማ ደግሞ ይኸው ትርጉም በአፋን ኦሮሞ «አብዲ»፣ በዐረብኛ «አማል» እየተባለ ስለሚጠራ፣ በአንድ ክፍል የሚማሩ ሦስት ልጆች ሳያውቁት ሞክሼ ሊሆኑ ይችላሉ።

አቅራቢ፦ የዐረብኛውን ስም ግን ጠንቀቅ ብሎ መጥራት ያስፈልጋል፤ «አመል» ካልነው በአማርኛ ሌላ ክስ ይሆናል።