ፑሪ ማለት ግቢ ነው፦ አንድ ምሽት በኡቡድ ቤተ መንግሥት

ሰላም ወዳጆቼ! እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ኢንዶኔዥያ ነን፤ ባሊ ደሴት፣ ኡቡድ ከተማ፣ መሀል መስቀለኛው መንገድ ላይ። በዚህ በኩል ገበያው፣ በዚያ በኩል ቤተ መንግሥቱ። ስሙ ፑሪ ሳረን ይባላል።

ቤተ መንግሥት ስላችሁ ምን መጣባችሁ? ፎቅ? ግንብ? ዙፋን ያለበት አዳራሽ? እሱን ተዉት። በሩን አልፋችሁ ስትገቡ የምታገኙት ክፍት ሜዳ ነው። ወዲያ አንድ ጣሪያ፣ ወዲህ ሌላ ጣሪያ፣ መሀሉ ባዶ። "ታዲያ ቤተ መንግሥቱ የታለ?" የሚል ጎብኚ ብዙ ነው።

እኛ ግን ቃሉ አለን። ግቢ! እስቲ አስቡት፤ የጎረቤት ግቢ እንላለን፣ የእናቴ ግቢ እንላለን። ጎንደር ስንሄድ ደግሞ ፋሲል ግቢ። አዲስ አበባ ታላቁ ግቢ። አጥር የከበበው መኖሪያም ግቢ ነው፣ የንጉሥ መቀመጫም ግቢ ነው። ፑሪ ማለት ይኸው ነው። የባሊ ገበሬም በአጥር ውስጥ ነው የሚኖረው፤ መኝታው ለብቻ፣ ማድ ቤቱ ለብቻ፣ የቤተሰቡ መቅደስ ለብቻ። የመኳንንቱ ፑሪ ያንኑ አሰፋው፣ አስጌጠው፣ ግቢ በግቢ ላይ ጨመረበት። ክብሩ ያለው ከፍታው ላይ አይደለም፤ ስንት በር አልፈህ ወደ ውስጥ ትገባለህ ነው ነገሩ። ይሄን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ለሌላው ረጅም ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር ለእኛ በአንድ ቃል ያልቃል።

እና አደራ፣ የተዘጋ በር አትግፉ። የመሳፍንቱ ዘሮች ዛሬም ውስጥ ይኖራሉ። የሰው ቤት ነው።

አሁን ወደ ውዝዋዜው። በአካባቢው ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ያው ግቢ መድረክ ይሆናል። ውዝዋዜውን የሚያጅበው የሙዚቃ ጓድ ጋሜላን ይባላል፤ ቶሎ ልለፈው፦ የነሐስ መሣሪያዎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፣ አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ነው የሚቃኘው፣ አብረው ሲመቱ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ባሊዎች ማዕበል ይሉታል። የሚመራው ከበሮ ነው። ሌጎንግ የሚባለውን ውዝዋዜ የምትወዛወዘው ልጅ ጉልበቷን ሰበር፣ ጀርባዋን ቀጥ፣ ክርኗን ከፍ ታደርጋለች፤ ይሄ አቋም አገም ይባላል። ዓይኗ ድንገት ወደ ጎን ይወረወራል፤ እሱ ሰሌደት ነው። በቃ፣ መሠረቱ ይኸው ነው።

ግን ጣቶቿን እዩልኝ! ሰውነቷ ቆሞ ጣቶቿ ብቻ እንደ ቅጠል ይርገበገባሉ። የራስ ጌጧ ላይ የተሰኩት አበቦችም አብረው ይንቀጠቀጣሉ። ይሄ በቃል የሚማሩት አይደለም። መምህሯ ከኋላ ቆማ፣ የልጅቷን ሁለት እጆች ይዛ፣ ራሷ ታንቀሳቅሳታለች፤ አካሏ እስኪለምደው ድረስ።

እዚህ ላይ ላቁም፤ ባለፈው ቪዲዮ ሥር ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ጽፋችኋል። "ይሄ እኮ አምልኮ ነው፣ ለምን ታሳየናለህ?" ጥያቄው የእውነት ጥያቄ ነው፤ በአንድ ቃል አልመልሰውም። ባሊዎች ራሳቸው ተጨንቀውበታል። ቱሪስት ሲበዛ የመቅደሱ ውዝዋዜ ሁሉ ገበያ ሊወጣ ሆነ። ስለዚህ በ1971 እ.ኤ.አ. በባሊ ዋና ከተማ በዴንፓሳር የሃይማኖትና የጥበብ ሰዎች ተሰብስበው ለዩት። ዋሊ የሚባለው ከመቅደስ የማይወጣ፣ የአምልኮው አካል ነው። ሁለተኛው ቤባሊ ይባላል፤ ሥርዓተ በዓሉን ያጅባል። ሦስተኛው ባሊህ-ባሊሃን ነው፤ ለመታየት የተሠራ ማለት ነው። ዩኔስኮም በ2015 የባሊን ውዝዋዜ ሲመዘግብ በእነዚህ ሦስት ክፍሎች ነው የመዘገበው። ሌጎንግ ሦስተኛው ውስጥ ነው። ከእምነታቸው ተነጥሏል አልልም፤ ከመድረኩ አጠገብ መባ ተቀምጦ ታያላችሁ። ግን እናንተ እንድታዩት ነው የቀረበው፤ የተደበቀ ነገር ሰርቃችሁ እያያችሁ አይደለም። እኔ የማከብረው፣ የሚሸጠውንና የማይሸጠውን ቁጭ ብለው መለየታቸውን ነው። ሌላ ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም አድርጉ።

አሁን ሌጎንግ የሚተርከው ታሪክ። የላሰም ንጉሥ ልዕልት ራንግከሳሪን ጫካ ውስጥ ጠፍታ አግኝቶ ይወስዳታል። እምቢ ትላለች። ይለምናታል፤ እምቢ። ወንድሟ ሊያስለቅቃት ጦር ያዘጋጃል፤ ንጉሡ እሷን ከመልቀቅ ጦርነቱን ይመርጣል። ይሄን ሁሉ የሚጫወቱት ሦስት ልጃገረዶች ናቸው፣ ያለ አንዲት ቃል።

ከሦስቱ አንዷ ደንገጡር ናት፤ መጀመሪያ ብቻዋን ትወጣለች። ለሁለቱ ማራገቢያ ሰጥታቸው ትሄዳለች። እሷን አትርሷት። መጨረሻ ላይ ትመለሳለች፤ ክንዶቿ ላይ ወርቃማ ክንፍ አስራ፣ ቁራ ሆና። ንጉሡ ወደ ጦርነት ሲወጣ መንገዱ ላይ ትቆማለች፣ ክንፏን መሬት ለመሬት ትመታለች። ንጉሡም እሷን አልፎ ይሄዳል።